በካባው ሥር የቀረው እጅ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ሐምሌ ነው፣ ደጁ ጭቃ ነው፣ ዝናቡም ዛሬ የሚያባራ አይመስልም። ያቺን በር ገፋ አድርጓት፣ ነፋሱ ወሬዬን ይዞብኝ እንዳይሄድ። የዝግባ በርን ነገር ልንገራችሁ። እንደነገሩኝ ነው የምነግራችሁ፤ ከዚያ በላይ ብትጠይቁኝ እኔም አላውቅም።

ዝግባ በር የሄደ ሰው እስከ ዛሬ የሚያየው ነገር አለ። የአገሩ ሰው ፎቶግራፍ ሲነሣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ነው። ሽማግሌውም፣ ሙሽራዋም፣ ወታደሩም እንዲሁ ነው። ሙሽራዋ ጓንት አድርጋ እንደሆነ ታወልቃለች፤ ሚዜዎቿም «እጅሽ፣ እጅሽ» ይሏታል እንጂ «ሳቂ» የሚላት የለም። ለመታወቂያ የሚሆነውን ጉርድ ፎቶግራፍ እንኳ፣ ከደረት በታች እንደማይወጣ እያወቁ፣ ከታች እጃቸውን ዘርግተው ይነሣሉ። ከከተማ የመጣ ፎቶ አንሺ ይስቅባቸዋል፤ እነሱ ግን አብረውት አይስቁም። ሕፃን የታቀፈች እናት ከሆነችማ፣ ጣቶቿ በልጇ ላይ ሆነው ካልታዩ ያንን ፎቶግራፍ ከቤት አያስገቡትም ይባላል።

ነገሩ የመጣው ከትርንጎ ነው።

ትርንጎ ባቡሩ ገና አዲስ ሳለ በዝግባ በር የነበረች የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። እናቷ ደብሪቱ ትባላለች፤ አባቷ በሕፃንነቷ ሞቶባታል። እንግዲህ ያኔ ሸክላ ሠሪ መሆን ምን እንደነበረ እናንተ አታውቁትም፣ እንኳንም አላወቃችሁት። ሰው በእንስራዋ ውሃ ይቀዳል፣ በድስቷ ወጥ ይሠራል፤ እሷ ደጃፉ ላይ ስትቆም ግን ሌማቱን ይከድናል። ቡዳ ናት፣ ዓይኗ ይበላል ይላታል። ገበያ ላይም ዕቃዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ፈቀቅ ካላለች የሚያነሣላት የለም። ትርንጎ ታዲያ መልኳ ከሁሉ የተለየ ነበር አሉ። አንገቷ ብርሌ፣ ዓይኗ ውሃ የሞላ። የገበያ ሴቶች «ፊቷን ያየ እጇን አይይ» እያሉ ይተርቱባት ነበር። እጇማ የእናቷ እጅ ነው፤ አውራ ጣቷ ጭቃ ሲያለሳልስ ኖሮ ተጠፍጥፏል፣ ጥፍሯ ውስጥ ቀዩ አፈር ገብቶ ቀርቷል፣ በግራ እጇ ጀርባም ላይ ሸክላ ስትተኩስ የላሳት እሳት ጠባሳ ጥሎባታል።

በዚያ ዘመን ሊበን የሚባል ሰው ከባቡሩ ወገን መጣ። ለአንድ ፈረንጅ ሲያገለግል ፎቶግራፍ ማንሣት ተምሮ፣ ሳጥኑን በአህያ ጭኖ ከገበያ ገበያ የሚዞር ሰው ነው። ከገበያው ጀርባ ባለው ሾላ ሥር፣ የቤተ መንግሥት ዓምድና መጋረጃ የተሣለበት ሸራ ይሰቅላል፤ ከሸራው ፊት ወንበር ያኖራል፤ ወንበሩ ላይ ደግሞ በወርቅ ክር የተጠለፈ ጥቁር ካባ ያንጠለጥላል። የሚነሣው ሁሉ የሚለብሰው ያንኑ ካባ ነው። አናጢውም ገበሬውም፣ ጫማ አይቶ የማያውቀውም ሁሉ ለብሶት ተነሥቷል። ሰዉም መቀለጃ አድርጎት ነበር፤ «ንጉሥ በዓመት የሚሾመውን ሊበን በአንድ ገበያ ሾመው» ይሉ ነበር።

ትርንጎ እንስራዋን ሸጣ ስትመለስ ቆማ ታያለች፣ ሊበንም እሷን ያያታል። አገሩ ስላልሆነ የማን ልጅ እንደሆነች አያውቅም፤ ቢያውቅም ግድ የሚለው ሰው አልነበረም።

«ነይ ተቀመጪ፣ ካንቺ ምንም አልፈልግም» አላት። «ያንቺን ፊት ሸራው ላይ ብሰቅለው ሰው ይመጣልኛል።»

ካባውን ደረበላት፣ ተቀመጠች። ዝቅ ብላ ስታይ እጆቿ ከዚያ ሁሉ ወርቀ ዘቦ መሐል እንደ ሁለት ጓል ጭኗ ላይ ቁጭ ብለዋል። አፈረችባቸው። ቀስ ብላ ከካባው ሥር ከተተቻቸው።

«እንዲያ ይሻላል» አላት ሊበን። «የባላባት ልጅ እጇ አይታይም። በይ አሁን እንደ ድንጋይ ሁኚ።»

እንደ ድንጋይ ሆነች።

እንደሚነገረው፣ ሊበን ያንን ፎቶግራፍ በመድኃኒቱ ውሃ ሲያጥበው ፊቷ ወጣ፣ ካባው ወጣ፣ ወንበሩ ወጣ፤ ጭኗ ላይ ግን ካባው ልሙጥ ብሎ ተኝቶ ነበር፣ ሰው በሌለበት አልጋ ላይ እንደተነጠፈ ጨርቅ። ከሥሩ እጅ ያለ አይመስልም። ሊበንም አየት አደረገው። ጥሩ ፎቶግራፍ ነበርና ሰቀለው፤ በዚያ ካባ ውስጥ የገበያው ሰው እንኳ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ መሆኗን አልለየም አሉ።

ከወንዙ ማዶ ባላምባራስ ገሠሠ የሚባል፣ አባቱን ቀብሮ ከእናቱ ጋር የሚኖር ጎልማሳ ባላባት ነበር። ወደ ገበያ ሲወርድ ፎቶግራፉን አየና በቅሎውን አቆመ። «ይቺ የማን ልጅ ናት?» ሲል ጠየቀ። ሊበንም ደስ ሲለው፣ ፊቱ ሳይለወጥ፣ «የሟች ወዳጄ ልጅ ናት። አባቷ በሩቅ አገር ባላባት ነበር፣ አደራ የተቀበልኳት እኔ ነኝ» አለው። ገሠሠ በበነጋው ሽማግሌ ላከ። አያችሁ፣ ሰውየው የወደደው ፎቶግራፉን ነው፤ ልጅቷን ገና አላያትም።

ሊበን የልጅቷን ቤት ጠይቆ ጠይቆ ደብሪቱ ጎጆ ሲደርስና ነገሩን ሲነግራት፣ ደብሪቱ የምታለሳልሰውን ማድጋ ሳታስቀምጥ ሰማችው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞር አለችና፣

«ትፈልጊዋለሽ?» አለቻት።

«ሌማት ሳይከደንብኝ መብላት እፈልጋለሁ» አለች ትርንጎ።

ደብሪቱ ማድጋውን አዙራ አየችው፣ እንደገና አለሳለሰችው። «እንግዲያው ሂጂ። መንገድ ላይ ብታዪኝ አታውቂኝም፤ እኔም አላውቅሽም» አለቻት።

ትርንጎም ሄደች። በሠርጓ ቀን እንሶስላው እጇን ሸፈነላት፤ እንሶስላው ሲለቅ ደግሞ ካባው ደረሰላት፣ ገሠሠ ከፎቶግራፉ ጋር ካባውንም ከሊበን ገዝቶት ነበርና። ፎቶግራፉ በእልፍኙ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። የገሠሠ እናት፣ እመት አሰለፈች፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «መጀመሪያ ይሄንን እዩ፣ ከዚያ እሷን እዩ» ይሉ ነበር። እንግዶቹም ለፎቶግራፉ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሡና ወደ ትርንጎ ሲዞሩ ሰላምታቸው ያነሰ ይመስላል። እመት አሰለፈች ምራታቸውን ወደዋታል። ሥራ አያስነኳትም፣ ልብሷን የሚያጥብላት ሌላ፣ ፀጉሯን የሚያበጥርላት ሌላ። «የእኛ ሴት እጇ ሥራ አያውቅም» እያሉ በገዛ እጃቸው ያጎርሷት ነበር። ሌማት እንኳን ሊከደንባት፣ ተከፍቶ ይጠብቃት ጀመር። የፈለገችውን አገኘች እንግዲህ።

ነገሩ የጀመረው በአፈር ነው። የቤቷ ገረድ አንድ ቀን ጠዋት እልፍኙን ስትጠርግ፣

«እመቤቴ፣ ይሄ ግድግዳ ምን ሆኖ ነው ቀይ የሚያራግፈው? ልስናችን ነጭ ነው» አለቻት።

ትርንጎ ብታይ ከፎቶግራፉ ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ የደቀቀ ቀይ አፈር ተነስንሷል። አወቀችው። ከእናቷ ጎጆ ጀርባ ካለው ጉድጓድ ካልሆነ እንዲያ ያለ አፈር በአገሩ የለም። «ጥረጊው» አለች። ተጠረገ፤ በማግሥቱም ነበር።

ቀጥሎ እጆቿ ይበርዷት ጀመር። ከብርዱ በኋላ ደግሞ ብርዱም ጠፋ። ትኩስ ውሃ ውስጥ ነክራው መሞቁን አታውቅም፤ እሾህ ወግቷት ደሟ ሲንጠባጠብ የምታውቀው ካባው ላይ ስታየው ነው። አንድ ጊዜ ከፍሙ አጠገብ ተቀምጣ ሳለ ቆዳ ቆዳ ሲሸታት ዞር ብላ ሰው ፈለገች አሉ፤ የሚቃጠለው የራሷ ጣት ነበር። ለማንም አልተናገረችም። የእጇን ነገር ያነሣች ሴት «እስቲ እጅሽን አሳዪን» ትባላለች።

በዚህ መሐል ፀነሰች፣ ሴት ልጅም ወለደች።

ወይ ልጆቼ። ሕፃኗን ተቀብለው በእጇ ላይ ሲያኖሩላት ባዶ ቋጥኝ ላይ የጣሏት ይመስል ጮኸች። ገረዷ ስትወስዳት ዝም አለች። እንደገና ለትርንጎ ሲሰጧት ጮኸች። ትርንጎም ሕፃኗን እያየች ነው እንጂ እየዳሰሰች አይደለም፤ ይለስልስ ይሻክር፣ ይሙቅ ይብረድ፣ እጇ ምንም አይነግራትም። ከዚያ ወዲያ ልታጠባት ስትል ገረዷ አቅፋ ደረቷ ላይ ትይዝላታለች። የቤቱ ሰው ማንሾካሾክ ጀመረ። እመት አሰለፈችም፣ «ይሄ የቡዳ ሥራ ነው። አንዷ ሸክላ ሠሪ በዚህ በር አልፋ ሕፃኗን አይታታለች። ከዛሬ ጀምሮ አንዳቸውም ከአጥሩ አይለፉ» ብለው አዘዙ። ትርንጎ ከጎናቸው ተቀምጣ ሰማች።

እየቆየ ሕፃኗ መጮኹንም ተወችው። ይሄ የባሰ ነበር። ቀን ከቀን እንቅልፍ አበዛች፣ ፊቷ አመድማ ሆነ፣ ጉንጯን ሲነኳት ይቀዘቅዛል። እመት አሰለፈች ልጃቸውን ጠርተው፣ «ክርስትና ትነሣና እህትህ አገር ትሂድ። እዚህ ከቆየች አትተርፍም» አሉት። ገሠሠ ሚስቱን አያት፣ ፎቶግራፉን አየ፣ «እሺ» አለ።

የክርስትናው ድግስ ሲቃረብ ለጠላው የተዘጋጁት ጋኖች ባዶአቸውን ስንጥቅ ስንጥቅ አሉ ይባላል፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ጋን የሌለበት ድግስ የለምና እመት አሰለፈች ወደው አይደለም፣ ከአጥር ውጭ ይረከቡ ብለው ወደ ዝግባ በር ላኩ። ጋኑን በአህያ ጭና የመጣችው ደብሪቱ ናት። ትርንጎ ይህንን ስትሰማ ጋኖቹን ራሴ አያለሁ ብላ ከገረዷ ጋር ወደ አጥሩ ወረደች።

«እንደምን ዋሉ እመቤቴ» አለች ደብሪቱ በአጥሩ ቀዳዳ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

«ደህና ነኝ። አንቺ ልጅ፣ ለጋኖቹ መነስነሻ ጭድ አምጪ» ብላ ትርንጎ ገረዷን ላከቻት።

ገረዷ ዞር እንዳለች ደብሪቱ ቀና አለች። «ከስተሻል» አለቻት።

«እማዬ፣ እጄን አጣሁት።»

«አውቃለሁ። እኔ ዘንድ ነው ያለው።»

እና እንዲህ ስትል ነገረቻት። ትርንጎ ከሄደች ወዲህ ደብሪቱ አምሽታ ያቦካችው ጭቃ ሲነጋ ተሠርቶ ታገኘዋለች። እንስራ ይሆናል፣ ድስት ይሆናል፤ አንገቱ ሥር የትርንጎ ጠፍጣፋ አውራ ጣት ያለፈበት ፈለግ አለ፣ እናት እንዴት ይጠፋታል። «መጀመሪያ ደስ አለኝ» አለች ደብሪቱ። «ልጄ አልረሳችኝም አልኩ። ሸጬ በላሁበት እንኳ። አሁን ግን እንስራ መሥራት ትቷል፤ ይሄንን ነው የሚሠራው።»

በነጠላዋ የቋጠረችውን ፈታች። ገና ያልተተኮሰ፣ እርጥብ፣ የሕፃን ራስ ነው። ግንባሩ፣ ጉንጩ፣ የጆሮው ጥምዝ፣ ከከንፈሩ በላይ ያለችው ስርጉድ ሳትቀር የትርንጎ ልጅ ናት። ደብሪቱ ደግሞ ያቺን ሕፃን አንድ ቀን እንኳ አይታት አታውቅም።

«በየጠዋቱ ይጨመርበታል» አለች። «ትናንት ሽፋሽፍቱ ወጣ። የቀረው ዓይኑን መክፈት ነው።»

ትርንጎ እጇን በቀዳዳው ሰዳ ጉንጩን ነካችው። ሞቀ። ከእናንተ ይራቅ የሚባል ነገር ነው ልጆቼ፤ የሥጋ ልጇ ጉንጭ ለእጇ አይታወቀውም፣ የጭቃው ጉንጭ ሞቃት።

«እጅ ልጁን ይፈልጋል፣ አይፈረድበትም» አለች ደብሪቱ። «ወይ እሱ ወዳንቺ ይምጣ፣ ወይ ሕፃኗ ወደሱ ትሄዳለች። ያ ፎቶ አንሺው ሰውዬ ለክርስትናው ይመጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። ከሳጥኑ ፊት የደበቅሽውን ከሳጥኑ ፊት አውጪው። ሌላ የማውቀው የለኝም።»

«ካወጣሁት ያዩታል።»

«ያዩታል» አለች ደብሪቱ። ገረዷ ከነጭዷ ስትመለስ እንደገና አጎነበሰች፤ «ጋኖቹ ደህና ናቸው እመቤቴ፣ ይመልከቷቸው» አለች። ወደ አገሯ ግን አልተመለሰችም። ጥቅሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ከአጥሩ ሥር ቁጭ አለች።

በክርስትናው ቀን ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እንግዳው ሁሉ ግቢው ውስጥ ሳለ፣ ሊበን ሳጥኑን ተከለ። ገሠሠ ጎራዴውን ታጥቆ ከወንበሩ ጀርባ ቆመ፣ እመት አሰለፈች በቀኝ ቆሙ። ትርንጎን በወንበሩ አስቀምጠው ካባውን ደረቡላትና የተኛችውን ሕፃን ጭኗ ላይ አኖሩላት። ሕፃኗ አልጮኸችም። ከነጋ አልጮኸችም።

ሊበን ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቦ በሳጥኑ ውስጥ አየ። ወጣ፣ ዓይኑን ጠረገ፣ እንደገና ገባ። ድምፁ ከጨርቁ ሥር መጣ።

«እመቤቴ፣ ሕፃኗን ያዟት እንጂ።»

«ይዣታለሁ» አለች ትርንጎ።

ሊበን የሳጥኑን መስተዋት በእጅጌው ጠረገ። ኋላ ለሰው እንደተናገረው፣ በመስተዋቱ ላይ ከገሠሠና ከእናቱ መሐል የታየው ወንበርና ካባ፣ በካባውም ላይ ማንም ሳይይዛት የተጋደመች ሕፃን ብቻ ነበር። «አልያዟትም» አለ፣ አሁን ድምፁ ቀጥኖ። «ትወድቅብዎታለች።»

ትርንጎ ካባውን ከትከሻዋ አንሸራታ ጣለችው። እጀ ጠባቧን ወደ ላይ ሰበሰበች። ሁለት እጇን በፀሐይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ በሕፃኗ ላይ ዘረጋች። የተጠፈጠፈው አውራ ጣት ታየ፣ የጥፍሯ ቀይ አፈር ታየ፣ ጠባሳው ታየ። በዚያ አገር እንዲህ ያለውን እጅ የማያውቅ አልነበረም፤ ገበያ ላይ ሁሉም ሸሽቶታል።

«ይሄ የማን እጅ ነው?» አሉ እመት አሰለፈች።

«የሸክላ ሠሪ ነው። እኔ የደብሪቱ ልጅ ነኝ፣ የዝግባ በሯ። ጋኑን ያመጣችው እናቴ ናት፣ አጥሩ ሥር ተቀምጣለች።»

አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። ሊበን ልማዱ ሆኖበት «እንደዚያው ቁሙ» አለና አነሣ።

ያኔ ነው አሉ እጇ የመጣው። በመጀመሪያ የመጣው ሕመሙ ነው፤ የዚያ ሁሉ ወራት ቃጠሎና እሾህ፣ ሳይታወቃት ያለፈው ሁሉ ባንድ ጊዜ ገባባት፣ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ሕመሙ ጋብ ሲል ከመዳፏ ሥር አንድ ትንሽ፣ ላብ ያለው፣ የሚተነፍስ ጀርባ አገኘች። ሕፃኗ ዓይኗን ገልጣ ጮኸች፤ ትርንጎ ወደ ደረቷ ስታስጠጋት ጡቷን ፈልጋ ያዘችና ዝም አለች። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ደብሪቱ ጭን ላይ ያለው የጭቃ ራስ ዓይኑ ሳይከፈት ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ቀሚሷም ላይ ፈስሶ ጭቃ ብቻ ሆነ ይላሉ።

እመት አሰለፈች ሕፃኗን ሊቀበሉ እጃቸውን ዘረጉ፣ መለስ አደረጉና በነጠላቸው ውስጥ ከተቱት። «ውሰጃት» አሉ። «ይዘሻት ውጪ።»

ትርንጎ ልጇን አቅፋ በዚያ ሁሉ እንግዳ መሐል ወጣች። የሚከደን ሌማት ሁሉ ተከደነ። ቀና ብላ አልፋው ሄደች አሉ።

እንግዲህ የዝግባ በር ሰው እጁን ዘርግቶ ፎቶግራፍ መነሣት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት ሸክላ ሠሪዎቹ ናቸው፤ ቀጥሎ ሌላው ሰው ፈርቶ አወጣ፤ አሁን የፈራውም የኮራውም አይለይም።

ሊበን ወደ ባቡሩ አገር ተመለሰ፤ ካባ ማልበሱን ትቶ ሰውን በመጣበት ልብስ ሲያነሣ ኖረ፣ ገበያውም ቀነሰ ይባላል። በእልፍኙ የቀረው ፎቶግራፍ ከትርንጎ ፊት ጀምሮ እየነጣ ሄዶ፣ በመጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጠ ባዶ ካባ ብቻ ሆነ። ገሠሠ እፊቱ ተቀምጦ ሲበላ ሲበላ አንድ ቀን መብላት ተወና በእግሩ ወንዙን ተሻግሮ ዝግባ በር መጣ። ትርንጎ ቶሎ አላስገባችውም። ከቀይ አፈሩ ጉድጓድ ጭቃ እየተሸከመ ሰነበተ፤ የገበያ ሴቶች «ባላምባራስ ጭቃ» ሲሉት «አቤት» ይል ነበር፣ ከዚያ አስገባችው። እመት አሰለፈች በማዕረግ ተቀበሩ፣ ልጃቸው ቀብር መጣ፣ ምራታቸው አልተጠራችም። ደብሪቱ አርጅታ፣ በሁዳዴ ውስጥ፣ ከልጇ ጎን ተኝታ ሳለች ሞተች። ሕፃኗ ስመኝ ተባለች፤ ሸክላ አልሠራችም፣ ጨው ነጋዴ ሆነች፣ ድምፀ ወፍራምና ተከራካሪ ነበረች አሉ። አገባች፣ ወለደች፣ የልጅ ልጅ አቀፈች፣ ጥርሷ ሁሉ ረግፎ በእርጅና ሞተች።